ክብር አይሟገቱበትም፣ ደንብ ግን ይሟገቱበታል

ልጄ፣ በዩኒቨርሲቲያችሁ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ስለ ሴቶች ደኅንነትና ስለ መናገር ነጻነት የሚካሄደውን ውይይት እንድትመሪ መመረጥሽን እናትሽ ነገረችኝ። «ምን አግብቷት? ትተወው በያት» አለችኝ። እኔ ግን አትተይው ነው የምልሽ። እናትሽ የያዘችው «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን የአበው ቃል ነው። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ እንጀራም ግን አይገባበትም። አንድ አገር ይህን ያህል ዓመት የተናቆረበትን ነገር እናንተ ወጣቶቹ ቁጭ ብላችሁ ካልተነጋገራችሁበት ማን ይነጋገርበታል?

ወደ አዳራሹ ስትገቢ አንድ ነገር በልብሽ ያዢ። ሰው የመሆን ክብር ለክርክር አይቀርብም። ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ደንብ ግን ለክርክር ካልቀረበ አይጸናም። እዚህ ብሪታንያ ውስጥ የተነሣው ጠብ አብዛኛው፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እነዚህን ሁለቱን ከማደባለቅ የመጣ ነው። አንደኛው ወገን ስለ ደንብ የጠየቀውን ሁሉ «ክብሬን ነካህ» አለ። ሌላኛው ወገን ደግሞ ስለ ደንብ የሚሟገት መስሎ የሰውን ክብር ረገጠ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ ልንገርሽ፤ ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2002 በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በብሪታንያ ላይ ፈረደ። ከሳሿ ክሪስቲን ጉድዊን ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ በቀዶ ሕክምና ጭምር ተለውጣ ሴት ሆና የምትኖር ሰው ነበረች። መንግሥት ግን በመዝገቡ ወንድ ይላታል። ያኔ ሌሎች ሴቶች በ60 ዓመታቸው የጡረታ መብት ሲያገኙ እሷ እስከ 65 መዋጮ ክፈዪ ትባላለች፤ ሕጋዊ ጋብቻ ተከልክላለች፤ አሠሪዋም በመድን ቁጥሯ በኩል ያለፈ ታሪኳን ሊደርስበት ይችላል። ፍርዱ ይህ በደል ነው አለ። ከዚያ በ2004 የጾታ እውቅና ሕግ ወጣ። 18 ዓመት የሞላው፣ የሐኪም ማረጋገጫ ያለው፣ ሁለት ዓመት በመረጠው ጾታ የኖረ ሰው ለአንድ ጉባኤ አመልክቶ የምስክር ወረቀት ማግኘት ቻለ። ይህን ወረቀት እስከ 2024 ድረስ ያገኙት ከ8 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። በ2010 ደግሞ የእኩልነት ሕጉ ወጣና ጾታንም፣ ጾታ መለወጥንም፣ እምነትንም ከአድልዎ ጠበቀ። ልብ በዪ፤ ሦስቱም በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ነው የተቀመጡት። ሲጋጩ ማን ለማን ጎንበስ እንደሚል ግን ጥርት ብሎ አልተጻፈም ነበር።

ስንት ሰው ነው የምንነጋገርበት ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። በ2021 የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ቆጠራ 262 ሺህ ያህል ሰዎች የጾታ ማንነታቸው በልደታቸው ከተመዘገበው የተለየ እንደሆነ መልሰዋል። የስታትስቲክስ ቢሮው ግን ቆይቶ በቁጥሩ ላይ ያለውን መተማመን ዝቅ አደረገ። አንዱ ምክንያት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ጥያቄውን ሳይረዱት መልሰው ይሆናል የሚል ነው። እኔና መሰሎቼ ቅጹን ስንሞላ እንዴት እንደምንቸገር አውቃለሁና አልገረመኝም። ብቻ አንዱ ተናጋሪ ቁጥር ይዞ ሲነሣ ከየት አመጣኸው ብለሽ ጠይቂው።

ጠቡ የጋለው የሐኪም ማረጋገጫው ይቅር፣ ሰው በራሱ ቃል ብቻ ይመዝገብ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ነው። እዚያ ያለሽበት የስኮትላንድ ፓርላማ በታኅሣሥ 2022 በ86 ለ39 ድምፅ አጸደቀው፤ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደ፣ የሁለት ዓመቱን ቆይታ ለአዋቂዎች ሦስት ወር አደረገ። ገና ከመድረሱ በፊት እንጨርሰው ተብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ ተሰብስበው ነበር። በወሲብ ጥቃት የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እስኪያልቅ ማመልከቻው ይቆይ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ በጠባብ ልዩነት ወደቀ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። በጥር 2023 የለንደኑ መንግሥት ሕጉን አገደው፤ በዚያው ወር ሁለት ሴቶችን በመድፈር የተፈረደበትና ከክሱ በኋላ ሴት ነኝ ያለ ሰው ስተርሊንግ አጠገብ ወዳለው የኮርንተን ቬል የሴቶች እስር ቤት መወሰዱ ተሰማ። አገር ተንጫጫ፣ ወደ ወንዶቹ እስር ቤትም ተዛወረ። ላዳላ አልፈልግምና ይህንንም እወቂ፦ ሰውየው እዚያ የተወሰደው በአዲሱ ሕግ ሳይሆን ቀድሞ በነበረው የእስር ቤቶች አሠራር ነው። ነገር ግን «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣስ?» ብለው ለዓመታት የጠየቁ ሴቶች ጥላቻ ነው የሚያናግራችሁ ሲባሉ ኖረው ነበር። ጥያቄያቸው ያኔ ተገላብጦ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። «ያልተገላበጠ ያራል።»

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እንደምታውቂው ለብዙ ዓመት ከባላቸው ዱላ ሸሽተው መጠለያ ለሚገቡ አማርኛ ተናጋሪ ሴቶች አስተርጓሚ ነበርኩ። ፖሊስ ሲጠይቃቸው፣ ሐኪም ሲመረምራቸው አብሬ ተቀምጫለሁ። በኮሪደሩ የወንድ ኮቴ ሲሰሙ ንግግራቸውን የሚያቋርጡ፣ የወንድ አስተርጓሚ መጥቶ ከሆነ ቀጠሮውን ትተው የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» እንዲህ ያለችውን ሴት «ፍርሃትሽ አድልዎ ነው፣ አስተካክይው» ማለት ጭካኔ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? ልጡ ጥፋት የለበትም። ሴትዮዋም የለባትም። ጥፋቱ የነደፋት ነው። እና መጠለያ ለእሷ ሲባል የተሠራ ቤት ነውና እሷ በምትረጋጋበት መንገድ መተዳደር አለበት ብዬ አምናለሁ።

በኤድንበራ የሆነውን አንብቢ። የተደፈሩ ሴቶችን የሚረዳው ማዕከል ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ ተጎጂዋ የሚያማክራት ሰው ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ ይገባታል ብላ ስላመነች ተገፍታ ከሥራ መውጣቷን በ2024 የሥራ ፍርድ ቤት አረጋገጠ። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2022 ደራሲዋ ጄ ኬ ሮውሊንግ በዚያው ከተማ ቤይራስ ፕሌስ የተባለ ለሴቶች ብቻ የሆነ ማዕከል በራሷ ገንዘብ ከፍታለች። ሮውሊንግ በ2020 ራሷ የቤት ውስጥ ጥቃትና ወሲባዊ ጥቃት ያለፈባት መሆኗን ጽፋ ነበር። መልሱ ከብዙ አቅጣጫ ዛቻና ስድብ ሆነ። በሐሳቧ አለመስማማት የማንም መብት ነው። ቁስሏን ለገለጠች ሴት ግን እንዲህ አይመለስላትም።

ይህን ስልሽ ግን ሌላውን ገጽ ደብቄሽ ቢሆን አክስት አልባልም። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» እንዲሉ፣ በአንድ ደፋሪ ምክንያት ስንቱ ሰላማዊ ትራንስጀንደር ሰው በጎረቤቱ ዓይን ተጠርጣሪ ሆነ! በየካቲት 2023፣ ያ የእስር ቤት ወሬ በሁሉም አፍ በነበረበት ወር፣ በዋሪንግተን አቅራቢያ የ16 ዓመቷ ትራንስጀንደር ልጅ ብሪያና ጌይ በሁለት እኩዮቿ በስለት ተገደለች። ዋናው መነሻ በጭካኔ መደሰት ቢሆንም፣ የልጅቷ ትራንስጀንደር መሆን የወለደው ጥላቻም ከበስተኋላው እንደነበረ ዳኛዋ በፍርዳቸው ተናገሩ። በዓመቱ፣ የካቲት 7 ቀን 2024፣ እናቷ ኤስተር ጌይ ወደ ፓርላማ በመጣችበት ቀን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ተቃዋሚያቸውን ለመንካት ሴት ማን ናት በሚለው ጥያቄ ቀለዱ። ይቅርታ በሉ ተብለው አሻፈረኝ አሉ። ክብርን ለክርክር ማቅረብ ማለት ይኸው ነው። ያች እናት ግን ከገዳዮቹ የአንዷን እናት አግኝታ አነጋገረች። ዕርቅ የሚባለውን ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም ስንል ለኖርን ሰዎች የምታስተምረን አላት።

ስለ መናገር ነጻነት ደግሞ ከማንም መጽሐፍ አልማርኩም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከመናገሩ በፊት ዘወር ብሎ ኋላውን ያያል፤ እኔ ለንደን ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላም እንዲያ ነበርኩ። ስለዚህ በ2019 ሃሪ ሚለር የተባለ የቀድሞ ፖሊስ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች በትዊተር በለጠፈው ነገር ፖሊስ ሥራ ቦታው ድረስ እንደሄደ፣ ወንጀል አልሠራህም ግን ስምህ ተመዝግቧል እንደተባለ ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ። ጽሑፎቹ ጨዋ አልነበሩም፤ እኔ ብሆን አልጽፋቸውም። ዳኛው ግን ይህች አገር ጌስታፖም ስታዚም ኖሯት እንደማያውቅ አስታውሰው ፖሊሶቹ የመናገር መብቱን ጥሰዋል ብለው ፈረዱ። ደግ አደረጉ።

ከሁሉ በላይ እንድታጠኚልኝ የምፈልገው የማያ ፎርስታተርን ጉዳይ ነው። ተመራማሪ ነበረች፤ ጾታ በተፈጥሮ የተወሰነ ነው፣ አይለወጥም ብላ በመጻፏ በ2019 ውሏ ሳይታደስ ቀረ። የመጀመሪያው ዳኛ እምነቷ በዴሞክራሲ ኅብረተሰብ ውስጥ ክብር የሚገባው አይደለም አሉ። በሰኔ 2021 የይግባኝ ዳኛው ይህን ሻሩት፦ እምነቷ በሕግ የተጠበቀ ነው። አክለውም ይህ ማለት ማንም ተነሥቶ ትራንስጀንደር ሰዎችን እንዳሻው ያንገላታ ማለት አይደለም አሉ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገር በአንድ ፍርድ ውስጥ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅስልሽም፣ ሁለተኛውን ብቻ የሚጠቅስልሽም ግማሽ ሰው ነው።

አፍ ማስዘጋት ለማንም አልበጀም። በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰሯ ካትሊን ስቶክ ስለ ጾታ እንደ ፎርስታተር ያለ ሐሳብ በመያዟ ትባረር የሚል ፖስተር ግቢው ውስጥ ተለጥፎባት በ2021 ሥራዋን ለቀቀች። ሐሳቧ ግን አልሞተም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ የማያውቃት ሁሉ አወቃት። በጾታ ማንነታቸው ለሚቸገሩ ልጆች የሚሰጠውን ሕክምና የመረመሩት ዶክተር ሂላሪ ካስ በሚያዝያ 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ ሐኪሞች ሐሳባቸውን በግልጽ ለመናገር የሚፈሩበት ሁኔታ መፈጠሩን ጽፈዋል። ሕክምናው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሐኪሞች እተዋለሁ። ሐኪም ፈርቶ ዝም ያለበት ቤት ውስጥ የሚታከመው ልጅ ግን ያሳዝነኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ይህ ኃጢአት የአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ ስለ መናገር ነጻነት ሲምሉ የነበሩት ሰዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ በየካቲት 2025 ትራንስጀንደር የሚለው ቃል የእነዚሁ ሰዎች የመብት ትግል ጭምር ከሚታሰብበት ከስቶንዎል ብሔራዊ መታሰቢያ የመንግሥት ድረ ገጽ እንዲፋቅ ተደረገ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።» ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚባለውም ለዚህ ነው። ዛሬ የጠላሽውን ሰው የምታስወጪበት ደንብ ነገ አንቺን ያስወጣል።

በሚያዝያ 2025 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በእኩልነት ሕጉ ውስጥ ሴት የሚለው በተፈጥሮ ሴት የሆነችውን ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱን ያነበቡት ሎርድ ሆጅ ይህን አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንደተቀዳጀው ድል አትቁጠሩት፣ ትራንስጀንደር ሰዎች ከአድልዎና ከትንኮሳ ጥበቃቸው እንዳለ ነው አሉ። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ግን ሻምፓኝ ተከፈተ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በተቃውሞው ሰልፍ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው የሚሊሰንት ፎሴት ሐውልት በቀለም ተሞነጫጨረ። ሁለቱም አላማረኝም። ፍርዱ ራሱ እንደ እኔ ግምት ለመጠለያ፣ ለእስር ቤትና ለሕክምና ክፍል ትክክለኛ መሠረት ነው። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ከፍርዱ በፊት ለመደመጥ ያመለከቱ ትራንስጀንደር የሆኑ የቀድሞ ዳኛ አልተፈቀደላቸውም። ሽማግሌ የሚመለከተውን ሰው ሳይሰማ አይነሣም።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ትራንስጀንደር ተማሪ ጋብዢ፤ «አለህ ወይስ የለህም» ለመባል ሳይሆን ስለ ደንቡ ሐሳቡን ለመስጠት። መጠለያ ውስጥ የምትሠራ ሴትም ትምጣ። ሁሉም በሚጠራበት ስም ይጠራ፤ እንግዳን ባሻው ስም መጥራት ጨዋነት ነው፣ ከእምነትሽም ምንም አያጎድልም። አንዱ ቢሳሳት ግን አዳራሹን አታስነሺበት፤ አርመሽው እለፊ። ጥያቄውንም ቦታ በቦታ በታትኚው። እስር ቤት ሌላ ነው፣ ቢሮ ሌላ ነው፣ የመዋኛ ልብስ መቀየሪያ ሌላ ነው። ስፖርቱ ላይ ብዙ አትቆዩ፦ የወንድ ጉርምስና አካልን እንደሚያጠነክር የሚካድ አይደለም፣ የዓለም አትሌቲክስም በ2023 ለዚህ ሲል የሴቶችን ውድድር ለይቷል፤ የሰፈር ልጆች ኳስ ግን ያን ያህል ሕግ አይፈልግም። መጸዳጃ ቤቱም ቢሆን ከወለል እስከ ጣሪያ የተዘጋ፣ ቁልፍ ያለው ክፍል መጨመር ከብዙ ንትርክ ይገላግላል። ሁሉንም በአንድ ቃል ልፍረድ የሚል ሰው ሲነሣ ዕድል ስጪው፣ ግን «እስቲ ይህን በየትኛው በር ላይ ነው የምትጽፈው?» ብለሽ ጠይቂው።

ከእኛ ሰዎች በኩል «የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል ትሰሚያለሽ። አይደለም። በሆስፒታሉ ልብስ መቀየሪያ ከሌሊት ፈረቃ የምትወጣው፣ በመጠለያው የምታድረው፣ ልጇን እዚሁ ትምህርት ቤት የምትልከው የእኛው ሴት ናት። ትራንስጀንደር የሆነ ልጅም በእኛው ቤት ይወለዳል። እምነቴ ስለ ሰው አፈጣጠር የሚያስተምረኝን አውቃለሁ፣ አልደብቅምም፣ ማንም እንድደብቀው ሊያስገድደኝ አይገባም። ይህ እምነት ግን ልጅን በብርድ ደጅ አስወጡ አይለኝም። በውስጡ የሚሰማውንም እኔ አውቅልሃለሁ አልለውም፤ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው»። ቤተሰብ ያላባረረው ልጅ መንገድ ላይ አይወድቅም፣ ከክፉ ሰው እጅም አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሴትን አብዝቶ የሚገድላት የማታውቀው ሰው አይደለም፤ ባሏ፣ የቀድሞ ባሏ፣ ወዳጇ ነው። መጠለያዎቹ አልጋ ሞልቶባቸው ሴቶችን ከነልጆቻቸው ሲመልሱ ዓይኔ አይቷል፤ ተደብድባ ቤቷን ጥላ የወጣች ትራንስጀንደር ሴትም ለእሷ የተዘጋጀ በር የማግኘት ዕድሏ ከዚያ የጠበበ ነው። ስለዚህ ከመድረኩ ከመውረድሽ በፊት በሁለቱም ወገን የተሰለፉትን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ ለሴቶቹ መጠለያ ተጨማሪ አልጋ፣ ለትራንስጀንደር ተጎጂዎችም የራሳቸው መጠለያ እንዲከፈት ለከተማው ምክር ቤት በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ አብራችሁ ትፈርማላችሁ? ደብዳቤውን አዘጋጅተሽ፣ እስክሪብቶውንም ይዘሽ ግቢ።